በቃሌ ያነበብኩት ሰሌዳ

የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ በቃሌ አውቀዋለሁ። በሦስት ቋንቋ አውቀዋለሁ። ከታች ሁለተኛው መስመር በአማርኛ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ግራ፣ ላይ ይላል። በኦሮምኛ ሚርጋ፣ ገዲ፣ ቢታ፣ ቢታ፣ ኦሊ። በሶማሊኛ ሚዲግ፣ ሆስ፣ ቢዲሕ፣ ቢዲሕ፣ ኮር። ግጥም እንኳ እንዲህ አጥርቼ ይዤ አላውቅም።

ነጭ ሰሌዳ ነው። ሦስት ጣት ያለው ሹካ የሚመስል ምልክት ከላይ በትልቁ ይጀምርና እየወረደ እየደቀቀ ይሄዳል። የተማረውም ያልተማረውም እኩል እንዲመረመርበት የተሠራ ስለሆነ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም፤ የሹካው ጣት ወዴት እንደዞረ መናገር ይበቃል። መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄው ነበር። የቤቴ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መጽሐፍ ነው። ያን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ፣ ሹካ ወዴት ዞረ ተብዬ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን ሳወዛውዝ ተገኘሁ።

ሰሌዳውን የያዝኩት አጥንቼው አይደለም። የስኳር ክትትል የማደርግበት ጤና ተቋም ውስጥ የዓይን ክፍሉ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ድሬዳዋ ላይ በር ዘግቶ ሰው የሚመረምር ወይ ማቀዝቀዣ አለው ወይ ጨካኝ ነው። ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ። በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ ተደርድረን የቀደመን ሰው ሲያነብ እንሰማለን። ከመልካ ጀብዱ የመጡ ሽማግሌ በኦሮምኛ ያነባሉ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ በሶማሊኛ፣ የባቡር ጡረተኛው በአማርኛ፤ እሳቸው ሲሳሳቱ በፈረንሳይኛ ይራገማሉ። ነርሷ በእንጨቷ የምትጠቁመው ሁሌም በተራ ነው። ግማሽ ቀን እዚያ የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ ይሸመድደዋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በቀኙ ሳይ፣ ከአራተኛው መስመር በታች ያለው ሁሉ ጭጋግ ነበር። አፌ ግን አልቆመም። ቀኝ፣ ታች፣ ግራ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ነርሷ የድሬ ልጅ ናት፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የምትለው። ካርዴ ላይ "ስድስት በስድስት" ብላ ጻፈችና፣

"ጎበዝ። እንደ ጎረምሳ ነው የምታየው አቦ" አለችኝ።

ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ጎበዝ ስባል ደስ አለኝ።

የዓይንን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋ፣ ውስጡን ለሚያይ ሐኪም ልታስተላልፈኝ ይገባ ነበር። ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ጠብታውም አንዳንዴ ያልቃል፤ ደህና የሚያይ ሰው ደግሞ አያስቸኩልም። ለከርሞ ና አለችኝ። ለከርሞም ሄድኩ። በሁለተኛው ዓመት አፌ አላመለጠኝም፤ አውቄ ዋሸሁ። በሦስተኛው ዓመት ቤቴ ተለማምጄ ነበር የሄድኩት።

ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፉ "ፈርቼ ነው" ይላሉ፤ ፍርሃትን ሁሉም ይቅር ስለሚለው። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ነገሩ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። "አይታየኝም" ማለት ለኔ "አልገባኝም" ከማለት አይለይም ነበር፤ አልገባኝም ብዬ ደግሞ አላውቅም። እዚያ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ እኔ የበለጥኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ያለ አንዳች ሐፍረት "ከዚህ ወዲያ የለም" ብለው ቁጭ ይላሉ። እኔ አዘንኩላቸው። እሳቸውን በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ላኳቸው።

በነዚያ ዓመታት ዓይኔ ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ስኳሩ ከዓይኔ ኋላ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እየሸረሸረ ፈሳሽ ያንጠባጥብ ነበር፤ የምናነብበት የዓይን መሃል ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል። እኔ ጥፋቱን በማተሚያ ቤቶች ላይ ደፈደፍኩት። ስለ ዘመኑ መጻሕፍት ኅትመት ረጅም መጣጥፍ ጻፍኩ። መስመር ቀጥ አድርጎ ማተም አቅቷቸዋል፣ ቀለም ሲቆጥቡ የፊደሉን እግር ይበሉታል፣ የገጹ መሃል ሁልጊዜ የደበዘዘ ነው ብዬ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። የሚያሳፍረው ጽሑፉ መወደዱ ነው። ደህና ዓይን ያላቸው ሰዎች እየደወሉ "እውነትህን ነው፣ እኛም ታዝበናል" አሉኝ። አንዱ እንኳ መጽሐፍ ገልጦ መስመሩን አላየም። ስለ አንባቢ የነበረኝ ግምት ከዚያ ወዲህ አላገገመም።

ባለፈው የሙቀት ወራት፣ አንድ ጠዋት ሳቢያን ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር ክር ወረደ። ውሃ ውስጥ ጠብ እንዳለ ቀለም ተበተነ። ተሳፍረን ከዚራ ሰፈር ሳንደርስ መጋረጃ ሆነ። ምንም አላመመኝም። ከዚህ በሽታ አብልጬ የምጠላው ይህንን ነው። ጥርስ እንኳ ሲበሰብስ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል።

ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ለምንድን ነው እንደ ዶሮ በአንድ ጎን የምታየኝ?"

"አንገቴን አሞኝ ነው።"

"አንገቱን የሚያመው ሰው አንገቱን አያዞርም።" ተነሥታ መጣችና ግራ ዓይኔን በመዳፏ ከደነችው። "ስንት ጣት ነው?"

"ሁለት።"

"ሌላው እጄ ትከሻህ ላይ ነው ያለው" አለችኝ።

በማግስቱ ይዛኝ ሄደች። የዚያን ቀን ጠብታው ነበር፣ ሐኪሙም ነበር። ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ እርስዎ እያለ፣ መርዶ የሚነግር ሰው በሚመርጠው ለስላሳ ድምፅ አስረዳኝ። የቀኙ ዘግይቷል። ደም ፈስሷል፣ ጠባሳውም ውስጡን ጎትቶታል፤ ከዚህ በኋላ ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው።

"ግራውም ተነክቷል፤ ግን ገና ነው" አለ። "በየወሩ መርፌ እየሰጠን፣ ኋላም በሌዘር ካገዝነው ልናቆየው እንችላለን።"

"መርፌው የት ነው የሚወጋው?"

"ዓይንዎ ውስጥ።"

ክንድዎ ላይ እንደሚል ሰው ነበር ያለው።

ቀጥሎ ካርዴን አገላበጠ። "ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት በስድስት፣ ካቻምናም ስድስት በስድስት። ይህ ጉዳት የአንድ ዓመት አይደለም።" ነርሷን አስጠራት። ባለቤቴ እስክትቀመጥ አልጠበቀቻትም።

"አንቺ ነሽ ይሄን የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"የማያይ ዓይን ያያል ብለሽ?"

"አንብቦልኝ ነው እኮ እትዬ።"

"በየትኛው ዓይኑ? ክስ እመሠርታለሁ፤ እንጀራሽን ነው የማጣሽ።"

ልጅቷ ካርዱን ተቀብላ የገዛ ጽሕፈቷን ደጋግማ አየችው። ስለ ሐሰተኞች ስንትና ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው፣ አንዲት ልጅ በኔ ውሸት ስትጠየቅ ጉልበቴን እያየሁ ዝም አልኩ። እንዲያውም ለአፍታ ጥፋቱ የሷ መስሎ ታየኝ። በሩን መዝጋት፣ ከተራ ውጭ መጠቆም፣ ጠብታውን ማድረግ ነበረባት። ይህ ሁሉ ልክ ነው። የሰውን ዓይን በሹካ ብቻ ለክቶ ለከርሞ ና ብሎ የሚሸኝ አሠራር ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ያን ጊዜ ግን ልክ የሆነውን ነገር የፈለግሁት ልደበቅበት ነበር።

"ለማንኛውም" አለ ሐኪሙ፣ "ዛሬ ግራውን እንለካና ለመርፌው ቀጠሮ እንያዝ። መርፌው መሥራት አለመሥራቱን በየወሩ ከሚያነቡልኝ እለያለሁ። ከቀነሰ መድኃኒት እቀይራለሁ።"

ግድግዳው ላይ ያው ሰሌዳ ነበር። ልጅቷ እንጨቷን አንሥታ ከላይ ጀመረች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን መስመር አነበብኩ። ከዚያ ጭጋጉ መጣ፤ አፌ ግን የሚቀጥለውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በየወሩ መጥቼ እስከ ታች እወርዳለሁ፤ ሐኪሙ "ሠርቷል" ይላል፤ መድኃኒቱን የሚቀይርበት ምክንያት አይኖረውም፤ ግራውም ቀኙን ይከተላል። ጎበዝ እየተባልኩ እታወራለሁ።

"ይህን ሰሌዳ አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"በቃሌ ነው የማውቀው። ሦስቱንም ዓመት በቃሌ ነው ያነበብኩላት።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባለቤቴ ወደ እኔ አልዞረችም። የተናገረችው ልጅቷ ናት።

"እና እስካሁን ስሰደብ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አቦ?"

ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውልቃ ገልብጣ ሰቀለችው። ትልቁ ሹካ ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ሆነ፤ ቀኙ ግራ፣ ላዩ ታች ሆነ።

"በል አሁን አንብብ።"

ከታች ወደ ላይ እየወጣሁ አነበብኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ።

"አይታየኝም።"

"ጻፊው" አላት ሐኪሙ።

መርፌው ለሳምንቱ ተቀጠረ። በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። ጓደኞቼ ግን መጡ። አንዱ የግመል ወተት፣ አንዱ የሽፈራው ቅጠል፣ ሌላው ጸበል አዘዘልኝ። ሁሉም ሲወጡ "ተመስገን በል፤ አንድ ዓይን ለማንበብ ይበቃል" አሉኝ። የሰውን ዓይን እንዲህ በልግስና የሚሰጡ ሰዎች አይቼ አላውቅም። ከሁሉም አንጀቴን ያሳረረኝ፣ በመጽሐፍ ያወቅሁት ከነሱ ወተት የበለጠ አለመሥራቱ ነው። ስለ ስኳር በሽታ ያነበብኩት ቢቆለል ወገቤ ይደርሳል፤ ዓይን ሳያምም እንደሚጠፋም አንብቤ ነበር፣ ሌሎች ሰዎችን የሚመለከት መስሎኝ።

መርፌው እንዲህ ነው። ዓይኑን በጠብታ ያደነዝዙታል፣ ቡናማ መድኃኒት ያፈሱበታል፣ ቆቡን በሽቦ ከፍተው ይይዙታል፤ ዓይንህን መጨፈን አትችልም። ወደ ላይ እይ ይሉሃል። ግፊት ይሰማሃል። ከዚያ ጥቁር ኳሶች ውስጡ ይንሳፈፋሉ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተወጋውን ዓይን እስከ ነገ ብለው ሸፈኑት። የተወጋው የሚያየው ነው፤ ያልተሸፈነው አያይም። ስለዚህ በቀትር፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ከሳምንት ዝምታ በኋላ ለኔ የተረፈኝ ቃል ይሄ ነበር።

"ደረጃ" አለች። ትንሽ ቆይታ "ቦይ" አለች። ከዚያ "ባጃጅ። ጎንበስ በል።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት ባጃጁ ውስጥ።

"እግርህን ሰብስብ" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት መሸፈኛውን ራሷ ነቀለችው። ለጥቂት ጊዜ ውሃ ውስጥ ሆኜ የማይ መሰለኝ። ከዚያ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ፊቴ ገተረች፤ በገዛ እጇ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ሦስት መስመር ጽፋበታለች፤ የመጀመሪያው ትልቅ፣ ሁለተኛው አነስ ያለ፣ ሦስተኛው ደቃቅ።

"አንብብ።"

"ውሸታም" አልኩ።

"ቀጥል።"

ሁለተኛው መስመር ጊዜ ወሰደብኝ። "ትዕቢተኛ።"

"ቀጥል።"

ወረቀቱን ላቀርበው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሳበችው። ሦስተኛው መስመር የጉንዳን ሰልፍ ይመስል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስድብ ምን እንደሆነ መገመት አያቅተኝም ነበር። ግምቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይታየኝም" አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግራ ዓይኔ አምስት መርፌ ወስዷል፤ እብጠቱ ጎድሏል፣ ሐኪሙም እንቀጥል ብሏል። ሦስተኛው መስመር ምን እንደሚል በየወሩ እጠይቃታለሁ። ታወጣውና ከዚያው ርቀት ታሳየኛለች፤ አይታየኝም እላታለሁ፤ መልሳ ታጥፈዋለች።