ማጉያ እንጂ ማሰራጫ አይደለም

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ሲያስሩኝ የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ የበቆሎው ሽታ አልለቀቀውም። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሳቁ። የተያዝነው በአንድ ጉዳይ ነው። ኡኬ ገበያ ላይ «ካረስነው መሬት ተነቀልን» ብለው የተናገሩት እሳቸው፣ ድምፅ ማጉያውን ሠርቼ ያቆምኩት እኔ።

ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ሙያውን በጣቴ ነው የለመድኩት። ያሰረን ሻምበል ታዲያ ማጉያዬን «ማሰራጫ ጣቢያ» ብሎ አስጽፎታል። ማሰራጫ ከተባለ ሁለታችንም አዲስ አበባ እንላካለን፤ ተልኮ የተመለሰ አላየሁም። ማጉያ ከሆነ ገበያ ላይ መጮህ ነው፣ እዚሁ ጥቂት ወር ታስሮ መውጣት።

ሽማግሌው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። የማጉያውን ልብ፣ ትራንዚስተሩን፣ ወለሉ አፈር ላይ ሣልኩላቸው። ሦስት እግር አለው። የባትሪው ትልቅ ኃይል በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሦስተኛው፣ ቤዝ የምንለው፣ ከማይክሮፎኑ የመጣችውን ትንሽ ድምፅ ይቀበላል። እሷ ከፍ ዝቅ ስትል ትልቁም አብሯት ከፍ ዝቅ ይላል።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይኼማ የውሃ ወፍጮ ነው» አሉ። «መዝጊያውን እጅ ያነሳዋል፤ የሚፈጨው ግን ውሃው ነው።»

መዝጊያው አስቀድሞ ትንሽ ካልተከፈተ የድምፁ ግማሽ ይቀራል አልኳቸው። ይህንንም ባለወፍጮ ሁሉ ያውቃል አሉኝ።

ጠዋት ተጠራሁ። ማጉያዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻምበሉን የራሱን ሬድዮ ከፍቶ ጣቢያ መፈለጊያውን ከጫፍ ጫፍ እያዞረ ድምፄን እንዲፈልግ ለመንኩት። በማይክሮፎኑ አንድ፣ ሁለት አልኩ። ድምፄ ክፍሉን ሞላው፤ በእሱ ሬድዮ ግን ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። የስፒከሩን ሽቦ ነቀልኩ። የራሴ ጉሮሮ ብቻ ቀረ።

«ከሽቦው ጫፍ አያልፍም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይህን ጉልበት ማን ሰጠው? ከኋላህ ሰው አለ።»

«ስድስት የባትሪ ድንጋይ ነው ያለው። ትራንዚስተሩ የራሱ ጉልበት የለውም።»

 ሬድዮውን አጠፋና ወረቀቱ አንዴ ተጽፏል፣ ፈርም አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነከሩት። ላንብበው አልኩ።

«አንተ ታነባለህ?»

«ቀስ እላለሁ።»

ቆሞ ጠበቀኝ። ፊደሉን በጣቴ እየለቀምኩ «ማሰራጫ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ቀለሙን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

«ይህን አልፈርምም።»

ሻምበሉ ሦስት ቀን ብርድ ልብሳችንን ነሳን። ሽማግሌው አልወቀሱኝም። በአራተኛው ቀን «የድምፅ ማጉያ» የሚል ወረቀት መጣ። እሱንም በጣቴ ለቅሜ አነበብኩ፤ በአውራ ጣት ሳይሆን ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ስምንት ወር ታስረን ወጣን።

ዛሬም እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ሬድዮ እፈታለሁ። ይህች የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ይህን ሁሉ ድምፅ አወጣች ብለው ሲደነቁ፣ ኃይሉ የባትሪው ነው እላቸዋለሁ። ወረቀት ሲሰጡኝም ያው በጣቴ እየለቀምኩ ነው የማነበው። የቸኮለ ይቀመጥ።