ሳጥን ሻጭ የታመመ አይጠይቅም

የበደለችኝ የጎረቤቴ ታናሽ እህት ናት። ጊዜው የአምናው ፍልሰታ፣ ዝናቡ ቦሌ አራብሳን ጭቃ ያደረገበት ሰሞን ነው። ስሟን አልጽፍም። ብታነበው ራሷን ታውቃለች፤ የብሎካችን ሰውም ያውቃታል።

ቤተሰባችን የሬሳ ሳጥን ይሠራል። የባለቤቴ አባት አናጺ ነበሩ። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ በቆርቆሮ ክፍላቸው አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ኖረው፣ አንድ ክፉ ዘመን ላይ አልጋ የሚያዝዝ ጠፍቶ ሳጥን የሚያዝዝ በዛባቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አልጋ አልተመለሱም። እሳቸው ሲያልፉ ባለቤቴ ያዘው፤ ባለቤቴ ሲያልፍ እኔና ልጄ ያዝነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ መጣን። ሱቁን ከምንኖርበት ብሎክ ሥር ተከራየን። ልጄ የሬሳ መኪናውን ይነዳል፤ እኔ ሱቁ ውስጥ እቀመጣለሁ።

ስለምንሰጠው ነገር ሰው ብዙ ያወራል። እኔም እንዳለ ልናገረው። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የወደቀ የኔ ቢጤ ሲሞት፣ ጥበቃው የሚደውለው ለእኛ ነው። ከሕንፃ ላይ ወድቆ የሞተ፣ ዘመዱ የማይታወቅ የቀን ሠራተኛ ሲኖር ሳጥኑ ከእኛ ይወጣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳጥን ስለማይፈልጉ ለእነሱ መኪናውን እንልካለን። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሬሳ አግድም አያልፍም፤ ቀና አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ግድግዳውን ሲያጋጩ፣ ሲጯጯሁ፣ የሟች ልጆች ቆመው ያያሉ። ስለዚህ ልጄ ሥራችን ቢሆንም ባይሆንም ይጠራል፤ ከፊት ሆኖ ያወርዳል።

አማቴ አንድ ደንብ ነበራቸው። በነጻ የሚሰጠው ሳጥን ከሚሸጠው መለየት የለበትም። ያው እንጨት፣ ያው የከፋይ ጨርቅ፣ ያው ገበር። ለቀባሪው ማን ከፈለ ማን አልከፈለ እንዳይታወቅ ነው። ይህን ደንብ እስከ ዛሬ ጠብቀናል።

ሰፈሩ ደግሞ ለእኛ የሚጠብቀው የራሱ ደንብ አለው። የእድሩ ዳኛ በስብሰባ ላይ «የሰፈራችን አለኝታ» ብለው ያስጨበጭቡልናል። በማግስቱ ጠዋት እኒሁ ሰውዬ ሱቄን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ጠዋት እኔን ማየት ቀኑን ያበላሻል ይባላል። እርጉዝ ሴት በሱቁ በር አታልፍም፤ ዞራ በኋላ ደረጃ ትወጣለች። የብሎኩ ኮሚቴ ልጆች እንዳይደነግጡ በሚል መስኮቱ ላይ መጋረጃ አሰቅሎብናል። ሰርግ ስንጠራ ጥሪው ከማሳሰቢያ ጋር ነው፤ ልጅሽ መኪናውን እዚህ እንዳያቆም ይሉናል። ሌላ መኪና የለንም። በታክሲ እንሄዳለን።

ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ዋናው ደንብ ግን ሌላ ነው። እኛ የታመመ አንጠይቅም።

ሌላው ሰው ጎረቤቱ ሲታመም ብርቱካን ይዞ፣ አጥሚት አሙቆ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል። እኛ እንደዚያ ስንል የቤቱ ሰው ፊት ይጠቁራል። ሳጥን ሻጭ አልጋ አጠገብ ከቆመ ቁመት ለካ ይባላል። ሙሽራ ሆኜ እቤታቸው እንደገባሁ አማቴ ጠርተው ነገሩኝ። የታመመ ሰው ካለ ብርቱካኑን በሰው እጅ ላኪ፣ አንቺ ግን አትሂጂ፣ ሰው ተስፋ ሲያደርግ ደጁ ላይ አንቆምም አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አደረግሁ። ለሰፈሩ የሰጠነው ትልቁ ስጦታ ሳጥኑ ይመስላቸዋል። ትልቁ ስጦታ መቅረታችን ነው። ለዚያ ማንም አጨብጭቦልን አያውቅም።

ጎረቤቴ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ትኖር ነበር። ከድሮ ሰፈራችን አብረን የመጣን ነን። ልብስ ሰፊ ናት። የሳጥኖቻችንን ገበር የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ቤቷ ሆና በስፌት መኪናዋ ትሰፋና በፌስታል ይዛ ትወርዳለች። ለነጻው ሳጥን የእጇን ዋጋ አትቀበልም። ስፌቱ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። ማን ሊያየው ነው ብዬ አንድ ቀን ብስቅባት፣ «የሚተኛበት ያየዋል» አለችኝ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ቤቴ የምትመጣ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰው እናማለን፤ እውነቱን ነው የምጽፈው። ሳጥን መርጣ ጨርሳ ነበር። «ቀይ ከፋይ እንዳታለብሺኝ፣ ቀይ አይሄድብኝም» ትለኛለች። እኔም አንቺ ደግሞ ሞተሽም ታማርጫለሽ እላታለሁ። ልጅ የላትም። ያለቻት ያቺ እህቷ ናት። ኦሎምፒያ አካባቢ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ለበዓል ብቻ የምትመጣ፣ ስትመጣም በኋላ ደረጃ የምትወጣ።

ጎረቤቴ የታመመችው በጉበቷ ነው። ሆስፒታል ከረመች። የሚደረግ ነገር ሲያልቅ ወደ ቤቷ መለሷት። እህቷም ሻንጣ ይዛ መጥታ ቤቱን ተረከበች።

ያን ቀን የአማቴን ደንብ ጣስኩ። ለሌላ ሰው ብሆን አልጥሰውም ነበር። የጾም አጥሚት አሙቄ፣ በፔርሙስ አድርጌ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። እህቷ በሩን ከፈተች፤ ግን በሩ መሃል ቆመች። ከትከሻዋ በላይ የጎረቤቴ የስፌት መኪና ጨርቅ ተሸፍኖ ይታየኛል።

«እትዬ፣ እርስዎ ባይገቡ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዎታል።»

ጓደኛዬ ናት አልኳት። የጠራችኝ እሷ ናት፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ልጄን እናትህ ትምጣ ብላዋለች አልኳት። እህቷ ራሷን ነቀነቀች። ሰው ተስፋ ይዞ ነው የሚድነው፣ እርስዎን ስታይ ምን ታስባለች አለች። ፔርሙሱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ይህን ጊዜ ከውስጥ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ። ደክሟል፤ ግን ድምፅዋ ነው።

«ማን ነው የመጣው?»

እህቷ ዓይኔን እያየች፣ ፊቷን ሳታዞር መለሰችላት።

«ማንም አይደለም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ናቸው።»

በሩ ተዘጋ።

ገፍቼ ለምን እንዳልገባሁ የሚጠይቁኝ አሉ። አፍ አውጥቼ እኔ ነኝ ብል ምን ነበረበት ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው። እዚያ በር ላይ የቆመችው አንዲት ሴት ብቻ አልነበረችም። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ደንብ ነው የቆመብኝ። እህቷ ያለችውን አማቴም ብለውኛል። ምናልባት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እኔን አይታ ተስፋ ብትቆርጥስ፣ ብርታቷን ብቀማትስ አልኩ። ደረጃውን ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ልጄን ላክሁት። እሱንም መለሰችው፤ እሱ ደግሞ የሬሳ መኪና ሾፌር ነው። ስልክ ደወልኩ፤ ስልኩን የምታነሳው እህቷ ናት፤ ተኝታለች ትላለች። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግድግዳውም ጣራውም ስስ ነው። የጎረቤቴ አልጋ ከእኔ ሳሎን በላይ ነው። አልጋው ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ። ስታስል እሰማለሁ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ሲወጣ፣ በሩ ሲከፈት፣ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። እዚያ ቤት ገብታ የማታውቅ፣ በአሳንሰር እጦት የምታማርር የአራተኛ ፎቅ ሴትዮ እንኳ ጠይቃት ወረደች። ሱቄ በር ላይ አገኘችኝና መንምናለች፣ ያሳዝናል፣ አንቺ አየሻት ወይ አለችኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። መጥቼ እንደነበር ጎረቤቴ እንድታውቅ። መዳኗን ተስፋ አላደረግሁም፤ ሥራዬ አያታልለኝም።

አልሆነም። ፍልሰታ ሳይፈታ አንድ ጠዋት ከላይ ጩኸት ተሰማ። ጡሩምባ ነፊው ብሎኩን ሲዞር እኔ ሱቁን እየከፈትኩ ነበር።

እህቷ ራሷ መጣች። በዋናው ደረጃ ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቄን ስትረግጥ ነው። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ማልቀሷን አልክድም። ሳጥኖቹን አየች። ከዚያ እርስዎ ያውቁበታል፣ ጥሩውን ይምረጡልኝ አለች። እሷ የሰፋችው ገበር ያለበት ካለ ደስ ይለኛል አለች። ቀጠለችና፣

«ለሰፈሩ ሰው አንዳንዴ በነጻ ትሰጣላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እሷም የሰፈሩ ሰው ናት።»

እሺ አልኳት። ነጭ ከፋይ የለበሰውን አወጣሁ። ልጄ ወጥቶ አወረዳት፤ መታጠፊያው ላይ ቀና አድርጎ አዞራት። እኔ ከታች ቆሜ ነበር። ያየሁት የተዘጋ ሳጥን ነው። ፊቷን አላየሁም። ሌላ ሰው ገንዟት ክዳኑ ተመትቶ ነበር።

ቀብሩ ላይ ካህናቱ ከጨረሱ በኋላ የእድሩ ዳኛ በቤተሰቡ ስም አመሰገኑ። ምስጋናው የተለመደው ነው፤ ስትታመም የጠየቃችሁ፣ ስትሞት የቀበራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን አሉ። ከዚያ እኔንና ልጄን በእጃቸው አሳዩ። በሕመሟም በሞቷም ከጎኗ ያልተለየ ቤተሰብ አሉን። ይህን እንዲሉ የነገረቻቸው እህቷ ናት፤ አጠገባቸው ቆማ በእሺታ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። ሰው ዞሮ አየን። አንዳንዱ በአክብሮት አጎነበሰ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ እንባ የመሰላቸው ይኖራሉ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ የተተከለው ከጋራ መገልገያው ቤት ጎን ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስልጥ፣ ጎረቤቴን ያስታመመቻት ሠራተኛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅ እግር ነች፣ ከወላይታ የመጣች፣ ነገር መሸፈን የማትችል። ለምን አልመጡም እማማ አለችኝ፣ እንደ ወቀሳ። መጥቼ ነበር አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ የሆነውን በዝርዝር ነገረችኝ።

ጎረቤቴ በየቀኑ ትጠይቅ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ናት ወይ ትላለች። እህቷ አይደለችም ትላታለች። አንድ ቀን በጣም ስትጨቀጭቃት እህቷ፣ ሥራ በዝቶባታል፣ ሰሞኑን ሰው እየሞተ ነው፣ ገበያ ላይ ናት አለቻት። ጎረቤቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ አልጠየቀችም።

«አንድ ፎቅ መውጣት ከበዳት አሉ» አለችኝ ልጅቱ። «ወደ ግድግዳው ዞረው እንደዛ አሉ።»

ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩ። እጄን ታጠብኩ። ሱቅ ገብቼ ተቀመጥኩ።

እህቷ አርባው ሊወጣ ሲል መጥታ ጠራችኝ። አልሄድኩም። ቤቱን አከራይታ ወደ ኦሎምፒያዋ ተመልሳለች። አንድ ጊዜ ለቤት ኪራይ መጥታ በዋናው ደረጃ ስትወርድ ተገናኘን፤ እትዬ ደህና ነዎት አለችኝ፤ አልመለስኩላትም።

ከአርባው በኋላ በእኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ሽማግሌ ስኳር በሽታ ጣላቸው። ብርቱካን ገዛሁ። በሰው እጅ አልላክሁም። ሚስታቸው በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ እኔ ግን ገባሁ። ሰውዬው ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ሜትሩን ይዘሽዋል?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ብርቱካን ነው የያዝኩት አልኳቸው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይማርዎት አልኩ። ሚስታቸው ጥቂት ቆመው ቆይተው ሻይ ለማፍላት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የብሎካችንን ሕመምተኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቤት አይከፍቱልኝም፤ ኮሚቴውም እንድተው ሰው ልኮብኝ ነበር። አልተውኩም። ሳጥን የመስጠቱን ነገር ለልጄ ተውኩለት።