ከአንሶላ ግድግዳ እስከ አጋሮ ስልክ

የትምህርት ቴክኖሎጂ ክፍል ተጠሪ የሆንኩት ገመድ በመያዜ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ርዕሰ መምህራችን አቶ ከማል ቢሮ ጠሩኝና ጠረጴዛቸው ላይ ያለ ካርቶን አሳዩኝ። ውስጡ አዲስ ፕሮጀክተር ነበር።

«ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ የድምፅ መሣሪያውን የምትቆጣጠሪው አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ።

መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ወንድሜ ነው። እኔ እሁድ እሁድ ሰው እንዳይጠልፈው ገመዱን ወደ ጥግ እይዝለት ነበር። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት አቶ ከማል ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ ተጠሪ ነሽ። ኢንሻአላህ ትችይዋለሽ።»

ተጠሪ መባሉ ጣመኝና አፌን ዘጋሁ። ክፍሉ ማለት እኔና ካርቶኑ ነበርን።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የሴል ክፍፍል ነበር። መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ከተከራየሁት ቤት ሁለት አንሶላ ይዤ መጣሁ። አንዱን መስኮቱ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ወጠርኩ። የግድግዳው አንሶላ አበባ ነበረበት። ፕሮጀክተሩን ስከፍተው ምስሉ ተገልብጦ መጣ። ማስተካከያውን ፈልጌ ሳጣ ራሱን ፕሮጀክተሩን ገለበጥኩትና በመጻሕፍት ደገፍኩት። ይህን እንደ ብልሃት ቆጥሬ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ። ማንም አላደነቀኝም።

ቪዲዮው ከኢንተርኔት የሚመጣ ስለነበር በስልኬ ዳታ አገናኘሁት። ሴሉ ወገቡ ላይ እየቀጠነ ሄደና ሁለት ሊሆን ሲል ቆመ። መሃሉ ላይ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። እኔም ተማሪዎቼም ክቧን እናያለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ቲቸር፣ ሐሳቡን ቀየረ መሰለኝ» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ።

እስኪደወል ድረስ አልተከፈለም። በማግስቱ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳ ላይ ከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን በግቢው ሳልፍ ተማሪዎች «ሎዲንግ መጣች» ይባባሉ ጀመር።

ቪዲዮዎቹን ቀድሜ አውርጄ በፍላሽ መያዝ ለመድኩ። ቀስ በቀስ ስላይድ ማሳመር፣ ሥዕል ማንቀሳቀስ፣ ድምፅ መቀላቀል፣ ተማሪው በስልኩ የሚመልሰው ጥያቄ ማዘጋጀት ቻልኩ። መቻሌ ደግሞ አበላሸኝ። ፊደሎቼ እየተሽከረከሩ ይገባሉ፣ እየተንከባለሉ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ርዕስ የራሱ ጭብጨባ አለው። ስለ ኩላሊት ካስተማርኩ በኋላ አንዲት ተማሪ ምን እንደገባት ብጠይቃት «በጎን የገባው ቢራቢሮ» አለችኝ።

ከበላይ አካል እንግዶች ሲመጡ አቶ ከማል ሥራዬን እንዳሳይ አዘዙኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ፊታቸው ቆምኩ። ላፕቶፔ ላይ ቴሌግራም ክፍት እንደሆነ ረስቻለሁ። «ዘመናዊ የማስተማሪያ ዘዴ» የሚለው ርዕስ እየተሽከረከረ ሲገባ፣ ሆሳዕና ያለችው እህቴ የላከችው መልእክት ከጥጉ ብቅ አለ። «ያ ጨቅጫቃ አለቃሽ ዛሬስ ለቀቀሽ?» ይላል።

ልሸፍነው ሮጬ ግድግዳው ፊት ስቆም ጽሑፉ ሸሚዜ ላይ አረፈ። እንደዚያ ሆኖ ይበልጥ ይነበብ ነበር።

«ገና አልለቀቀኝም ብለሽ መልሺላት» አሉ አቶ ከማል፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

እንግዶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። በሚቀጥለው ሳምንት የአጋሮ መምህራንን እንዳሠለጥን ላኩኝ። ቅጣት ይሁን ሹመት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

በአጋሮው ሥልጠና ጫላ የሚባል የባዮሎጂ መምህር እጁን አወጣ።

«መምህርት ማርታ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ቡና ሲደርስ ግን የምናሳየው ሰው የለም። ልጆቹ ለቀማ ላይ ናቸው፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ማል ጎና?»

ምን እናድርግ ማለቱ ነው። እኔም ሳላስብ «በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ» አልኩ።

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ የፈተና ክለሳ ቪዲዮ ሠራሁ። ፀጉሬን ተሠርቼ ፊቴን በስተቀኝ ጥግ በክብ ውስጥ አስገባሁ። ከሥሩ የክራር ሙዚቃ ለቀቅኩበት። ለጫላ ላክሁለት፣ እሱም ለተማሪዎቹ አስተላለፈ። አንድም ጥያቄ አልመጣም።

«በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው» ብዬ ለአቶ ከማል ሪፖርት አደረግኩ።

«ወይም አልደረሳቸውም» አሉ። «ሄደሽ እዪ።»

ጫላ ከአጋሮ ወጣ ወዳለች መንደር፣ ሐያት ወደምትባል ተማሪው ቤት ይዞኝ ሄደ። ሐያት ጎበዝ ከሚላቸው ተማሪዎቹ አንዷ ናት። ከእናቷ ከአዴ ዘይነባ ጋር ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። አባቷ ከታመሙ ቆይተዋል። በራፉ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው ፊት ለፊታቸው ሻይ ጠጣሁ።

«ቪዲዮውን አየሽው?» አልኳት ሐያትን።

«ከፈትኩት ቲቸር። ፊትዎ መጣ። ከዚያ አፍዎን ከፍተው ቆሙ።»

ስልኩን አሳየችኝ። የእናትና የልጅ ስልክ ነው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ማስቀመጫው ሞልቷል፣ ኔትወርኩም አንዴ መጥቶ አንዴ ይጠፋል። እኔ እዚያ ውስጥ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፍቼ አለሁ።

«እያስነጠሰሽ ነበር?» አሉኝ አዴ ዘይነባ ከልባቸው።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። «በርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። «ልጄ ዘንድሮ ትቅር ብያለሁ። አባቷ እንዲህ ሆኖ ብቻዬን አልችለውም። ለከርሞ ትፈተናለች።»

የሐያት ጣቶች መልቀም አላቆሙም፣ አንገቷ ግን ወረደ። ጫላ አየኝ። ለከርሞ ተብለው ያልተመለሱ ሴት ልጆችን ሁለታችንም በስም እናውቃለን።

ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር ጀመርኩ። ስላይድ ባይኖረኝም ስላይድ እንዳለኝ ሆኜ ነበር የምናገረው። አዴ ዘይነባ አቋረጡኝ።

«ጥቅሙን አውቃለሁ። የምፈልገው እጇን ነው።»

 የልጅቷን እጅ አየሁ። ዓይኗና እጇ ቡናው ላይ ናቸው።

«ጆሮዋንስ?» አልኩ።

አዴ ዘይነባ የያዙትን የተበላሸ ፍሬ ጣሉ። «ጆሮዋን ውሰጂው» አሉ። «ከቻለች ትፈተን።»

የድምፅ መልእክት ትንሽ ስለሆነ ስልኩን አያስጨንቀውም። ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ሥዕል በእስክሪብቶ ሠርቼ ፎቶ አነሣሁ። የቀረውን በቃል ተናገርኩ። የመጀመሪያውን እንደ ሰባኪ ቃል እየጎተትኩ ቀዳሁት። ሐያትም በድምፅ መለሰችልኝ፦ «ቲቸር፣ ፈጠን ይበሉ። እማዬ እየሠራች እንቅልፍ ወሰዳት።»

ፈጠንኩ። ጥያቄ መምጣት ጀመረ። ከሐያት ብቻ ሳይሆን ከሌሎቹም መጣ። የአንዳንዱ ጥያቄ ከዶሮ ጩኸት ጋር ነው የሚደርሰኝ።

ስለ ልብ የቀዳሁ ዕለት ልብ ሲደክም ምን እንደሚሆን ተናገርኩ። ደሙ እንደሚገባው ስለማይገፋ ውሃ እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ሰውየው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል አልኩ። ከሰዓት በኋላ የአዴ ዘይነባ ድምፅ መጣ። ኦሮምኛውንና አማርኛውን ደባልቀው ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«በርሲስቱ፣ ያወራሽው የኔን ሰው ነው። እግሩ አብጧል። ተደግፎ ነው የሚያድረው። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ያየሁት ጋቢውን ነው። ወዲያው ጫላ ጋ ደወልኩ። «ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው» አልኩት። እሱ መኪና ፈልጎ ከአዴ ዘይነባ ጋር ወደ ጅማ ይዟቸው መጣ። ለአቶ ከማል ብነግራቸው ስብሰባቸውን ትተው ከእኔ ጋር ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሐኪሙ ሲመረምራቸው እኔ ከጎን ተቀምጬ ምልክቶቹን አስረዳዋለሁ።

«የማን ዘመድ ነሽ?» አለኝ።

«ባዮሎጂ አስተምራለሁ።»

«እንግዲያው ወንበሩን ለባለቤታቸው ልቀቂላቸው።»

ለቀቅኩ። ልባቸው ደክሟል፣ ግን ሳይረፍድ መጥተዋል አለ። መድኃኒት ጀመሩ። ጆንያ መሸከም አልቻሉም፣ ተቀምጠው ግን ቡና ይለቅማሉ። አዴ ዘይነባ የልጃቸውን እጅ ለፈተናው ቢለቁ የባላቸውን እጅ አገኙ።

ሐያት ተፈተነች። መጀመሪያ ውጤቷ አልሞላም። እኔ ከእሷ ይልቅ አለቀስኩና እሷው አጽናናችኝ። በሬሜዲያል ገብታ አለፈች። አሁን ነርሲንግ ትማራለች። ከትምህርቶቼ የትኛው እንደረዳት ስጠይቃት «እማዬ ‹ማን ነገረሽ?› ብላ የጠየቀችዎት ጥያቄ» አለችኝ። የእኔን መልስ አላነሣችውም።

ዛሬም በአጋሮና በአካባቢው መምህራንን አሠለጥናለሁ። ፕሮጀክተርም፣ ቪዲዮም፣ ስላይድም እጠቀማለሁ፤ ለአንዳንዱ ትምህርት የሚተካቸው የለም። ማንኛውንም ትምህርት ከማዘጋጀቴ በፊት ግን የሚማረው ሰው ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ፣ ስልኩን ከማን ጋር እንደሚጋራና በምን ሥራ ላይ ሆኖ እንደሚሰማኝ እጠይቃለሁ። መሣሪያ የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።