ፉርጎ አሥራ ሰባት ሽንት ቤት ገባ

ቡሬ ባቡር የለም። ፍኖተ ሰላምም የለም። ይህን ማንም የሚያውቀውን ነገር አስቀድሜ የምናገረው፣ ቡሬ ውስጥ የተቀጠርኩበት ግቢ የገዛው ሲስተም ለባቡር ጣቢያ የተሠራ ስለነበር ነው። ማን እንደመረጠው እስካሁን አላወቅሁም፤ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ይጠቁመኛል። ግቢያችን ማዳበሪያ የጫኑ ተሳቢዎች ቆመው ጎታች መኪና የሚጠብቁበት ሰፊ ጭቃ ነው። ሲስተሙ የትኛው ተሳቢ የት እንደቆመና ቀጥሎ የትኛው መውጣት እንዳለበት፣ ሰው ሳይጠየቅ በስክሪን ያሳያል። ችግሩ ተሳቢውን «ፉርጎ» ይለዋል፣ እኛ ድንጋይ ደርድረን የለየነውን መስመር ደግሞ «ሐዲድ»። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ሁለት ዓመት እናቴ ቤት ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩና፣ መርከብ ቢለውም አልከራከረውም ነበር።

እስከዚያ ድረስ ግቢውን በጭንቅላታቸው ይዘው የኖሩት አያ ናቸው። ከዘበኛ እስከ ሾፌር ሁሉም «አያ» ነው የሚላቸው። የማንኩሳ ገበሬ ናቸው፤ መሬቱን ለልጆቻቸው ለቀው የግቢ ተቆጣጣሪ ሆነው ከተቀጠሩ ቆይተዋል። ከዘራቸውን ዘርግተው «አንተ ይኸን ውሰድ፣ አንተ ያን ተወው» ሲሉ ይውላሉ። ተሳቢዎቹን በሰሌዳ ቁጥር አያውቋቸውም፤ የበሬ ስም አውጥተውላቸዋል። ዳለቻ አለ፣ ጉራች አለ፣ ወይኖ አለ፣ ዛጎል አለ። ጥማድ እንደሚያጣምር ገበሬ፣ የትኛው ተሳቢ ከየትኛው መኪና ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው ወደ ግራ እንደሚስብ፣ የትኛው ቁልቁለት እንደማይወድ ሁሉንም ያውቃሉ።

ሲስተሙ ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። «አንድ ወር ይሞከራል» አለ። «ያለ ሰው እርዳታ ከሠራ የግቢ ተቆጣጣሪ የሚባለው መደብ ይታጠፋል።» መደቡ ላይ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሰማሉ። የሙከራውን ሪፖርት እንድጽፍ የተመደብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያን ቀን ማዘን ነበረብኝ። ያዘንኩ ግን አልመሰለኝም፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ ነው የመሰለኝ።

ከስብሰባው ስንወጣ አያ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሐዲዱ የት አለ?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ እንዳለ ተደርጎ ነው የሚታሰበው።»

«እህ» አሉ። «እንደ መንግሥተ ሰማያት መንገድ በይኛ፤ በእምነት የሚታይ።»

በየተሳቢው ግንባር ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ጠፍጣፋ መለያ በቡሎን አሰርን። በየምሰሶው የተሰቀለው አንቴና መለያውን ያነብና ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይሆናል። ስክሪኑ የነገውን ቁጥር ማታውኑ ይወስናል፤ ሾፌር ሲመጣ ይሰጠዋል፣ እሱም ያንን ቁጥር ፈልጎ ይጎትታል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሲስተሙ አእምሮው የባቡር ነው፤ የኋላው ፉርጎ የፊቱን ዘሎ መውጣት አይችልም ብሎ ስለሚያምን፣ ሁልጊዜ ከመስመሩ ፊት የቆመውን ነው የሚሰጠው።

በመጀመሪያው ሳምንት ፈረስ ቤት ለሚሄድ መኪና ዛጎልን ሰጠው። የዛጎል ፍሬን ደግሞ ለቆጋ ሜዳ ነው እንጂ ለፈረስ ቤት ቁልቁለት አይሆንም። (ፍሬኑን ለምን አታሠሩትም የሚል ሰው ካለ፣ መለዋወጫ ዕቃ በደብዳቤ ጠይቆ አያውቅም ማለት ነው።) ሾፌሩ ከግማሽ መንገድ ጎማው እየጨሰ ተመለሰ። ሰው አልተጎዳም፤ ሾፌሩ ግን መኪናውን አቁሞ ሳያበቃ መሳደብ ጀመረ፣ ሥራ አስኪያጁም ግቢው መካከል አቁሞ ልክ ልኬን ነገረኝ። «እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ቢደገም ኮንትራትሽ አይታደስም» አለኝ። አያ ከዘበኛው ቤት አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ስህተት አልተገኘም። የሚወጣው ይወጣል፣ የሚገባው ይገባል፣ ስክሪኑ እንደ ሐምሌ መስክ አረንጓዴ ነው። ኩራቴን መሸከም አቃተኝ። ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ስገባ ለእናቴ ጎረቤቶች ስለ አውቶሜሽን አስረዳ ጀመር፤ አንዲቷ ሴትዮ ትዳር መቼ እንደምይዝ ጠይቃ አቋረጠችኝ። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ወጥቼ ተሳቢ ማየት ትቻለሁ። ስክሪኑ ካለ ምን ያደርግልኛል?

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ከፍኖተ ሰላም በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ስክሪኑን ስከፍት ፉርጎ አሥራ ሰባት ይሄዳል። በመስኮት አየሁ፤ ግቢው ውስጥ የተነሳ መኪና የለም። ስክሪኑ ላይ ግን አሥራ ሰባት ከሐዲድ ሦስት ወጥቶ፣ በሰው እርምጃ ቀስ እያለ ወደ ዋንዛው አመራ። ሃያ ዘጠኝም አብሮት ነው። ትንሽ ቆሙ፣ የዘበኛውን ቤት ዞሩ፣ ከዚያ ሁለቱም ሽንት ቤት ገቡ። ማዳበሪያ የጫኑ ሁለት ተሳቢዎች ማለት ነው። ቆዩም። ሲስተሙ «ፉርጎ 17 ባልተፈቀደ ቦታ ቆሟል» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እኔም ጭቃውን ረስቼ ሮጥኩ።

ከሽንት ቤቱ የወጡት አያ ናቸው። አንድ እጃቸው መፍቻ ይዟል፣ የካፖርታቸው ኪስ በሁለት መለያ ተወጥሯል።

«አያ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሆዴ አላስችል ብሎኝ ነው።»

«እሱን አላልኩም። ኪስዎን ነው የምጠይቀው።»

መለያዎቹን አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓቸው። «ይኸ ዕቃሽ ፊት የቆመውን ውሰድ እንጂ ሌላ አያውቅም» አሉ። «ማታ ቁጥር ሲሰጥ ፊት የቆመው ዛጎል ነበር፣ የሚመጣው መኪና የፈረስ ቤት ነው። ደግመሽ በሰው ፊት ልትዋረጅ ነው? ስለዚህ የዛጎልን ቁጥር ለዳለቻ፣ የዳለቻን ለዛጎል አደርገዋለሁ። ሾፌሩም ቁጥሩን አይቶ ዳለቻን ይዞ ይሄዳል፣ ያንችም ዕቃ ደስ ይለዋል።»

«ይህን ማድረግ ከጀመሩ ስንት ቀንዎ ነው?»

«ከተሰደብሽ ማግስት ጀምሮ። በየማለዳው ነው፤ ዛሬ ሆዴ ባያጋልጠኝ ኑሮ አታውቂም ነበር።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የኮራሁበት አረንጓዴ የሳቸው ሥራ ነበር። «ወሩ ያለ ስህተት ካለቀ እኮ የሚወጡት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ስብሰባው ላይ ነበርሁ እኮ» አሉና ዳለቻን ቁጥር ሊያለብሱ ሄዱ።

ሪፖርቱን እውነቱን ጻፍኩ። ሲስተሙ ያለ ሰው አንድ ሳምንት እንኳን በትክክል እንዳልሠራ፣ ያሠሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ መደቡ መታጠፍ እንደሌለበት ጽፌ አስገባሁ። ከዚያ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ሄጄ ነገርኳቸው። አያ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስንት ማለዳ ደክሜ የሸፈንሁትን አንች አደባባይ አወጣሽው?» አሉ። «በይ ተነሽ፣ ዝም ብለሽ ተከተይኝ፤ የምናገረው እኔ ነኝ።» ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ፤ ተከትዬ ገባሁ።

«ጌታው፣ የልጅቱ ዕቃ ደኅና ነው» አሉ ሳይቀመጡ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው ብዬ በቅናት እየፈታሁ አቀያየርሁት።»

«ውሸታቸውን ነው» አልኩ እኔ። «ሲስተሙ ነው የማይሠራው። ያስገጠምኩትም እኔ ነኝ።»

«ልጅ ናት፣ ስለ ዕቃው የምታውቀው ነገር የለም።»

«እንዴ አያ፣ የተማርኩት እሱን አይደል እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየ አንገቱ ደከመው። «ጥፋት የሚሸሽ ሠራተኛ ነው የማውቀው» አለ። «የሚሻሙበት ቢሮ ዛሬ አየሁ።» ከዚያ ፊቱን አኮሳትሮ እስክሪብቶ አነሳ። «አባት፣ የድርጅቱን ንብረት ሆን ብዬ አበላሸሁ ማለትዎን ከጻፍኩት ዛሬውኑ ይሰናበታሉ። ልጻፍ?»

«ይጻፉ» አሉ አያ።

እስክሪብቶው ትንሽ በአየር ላይ ቆየ። ሥራ አስኪያጁ መልሶ አስቀመጠውና ሪፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ከቶ «ሁለታችሁም ውጡልኝ፣ ነገ ሥራ አለ» አለን። መደቡ አልታጠፈም። የኔም ኮንትራት ታደሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከፊት የሚቆመውን ተሳቢ የሚመርጡት እሳቸው ሆኑ፤ እኔ ስክሪኑ ላይ እከተላቸዋለሁ።

ከቢሮው ወጥተን ዋንዛው ሥር ደረስን። ያቺን አንድ ገጽ ሪፖርት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱን ቀን ያሳለፍኩት ስለ ራሴ ኮንትራት እያሰብኩ ነው። እሳቸው ግን «ይጻፉ» ለማለት ትንፋሽ እንኳን አልወሰዱም። በጣም አፈርኩ፤ ሳልነግራቸው ማደርም አልቻልኩም።

«አያ፣ እኔ እኮ እሱን ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አልኳቸው።

አያ ቀና ብለው ትንሽ አዩኝ። ለምን እንደዘገየሁ እንደገባቸው ከዓይናቸው አወቅሁ።

«ምን ይደረግ ልጄ» አሉኝ፤ «መጻፍ ሥራው ከባድ ነው ይባላል።»