የምስጋናው ገጽ

ሁለተኛ ዲግሪ ልማር የገባሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቱ የፈጠራ ጽሑፍ ነበር፤ በክረምት በክረምት የሚሰጥ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ መምህሩ መስያቸው ብድግ አሉ። ከኋላ ወንበር ይዤ ስቀመጥ ሳቁብኝ። እውነተኛው መምህር ሲመጣ ደግሞ የበኩር ልጄ እኩያ ሆኖ አረፈው።

እስከዚያ ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ ዘጠኙን በደሳ፣ የቀረውን ጭሮ። አፉን በኦሮምኛ ለፈታ ልጅ አማርኛ ድርሰት ማስተማር ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ተክኜበት ነበር። ራሴ ግን አንድም ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረቂቅህን ለክፍሉ ታነባለህ፤ ሌሎቹ ሲተቹ አንተ ዝም ትላለህ። መልስ መስጠት ክልክል ነው። የመጀመሪያ ረቂቄ ስለ አንድ ጀግና ገበሬ ነበር። አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ሲያወራ መማሪያ መጽሐፍ የሚያነብ ነው የሚመስለው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሕጉን አክብሬ ዝም አልኩ፤ ውስጤ ግን ድብን አለ።

አማካሪዬ ቢሮው ጠርቶኝ «መምህር፣ የሚያውቁትን ሰው ይጻፉ» አለኝ።

የማውቀው ሰው ዘይነባ ነበረች። በደሳ ሳስተምር የተከራየሁት እሷ ግቢ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ በሞቱ ሰሞን፣ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። እህቷ የምትባለው ፈቲያ እህቷ አይደለችም፤ ልጇ ናት። ሳታገባ ወለደቻት፤ እናቷ «የኔ ናት» ብለው አሳደጓት። ፈቲያ ይሄን አታውቅም።

«ለዒድ ቀሚስ ስሰፋላት እለካት የለ?» አለችኝ። «ሜትሩን በደረቷ ሳዞር ያኔ ነው የማቅፋት። ወላሂ መምህር፣ ልኳን እያወቅሁት ሁለቴ እለካታለሁ።»

ይሄን ልጽፍ ፈቃዷን ለመጠየቅ በደሳ ሄድኩ። የያዘችውን ስፌት ጨረሰች። «እሺ፣ ጻፈው» አለች በመጨረሻ። «ስሜን ግን ቀይር። አደራ!»

«እኔን አታውቂኝም እንዴ?» አልኳት።

ቀየርኩ። ዘይነባን ከድጃ አልኳት፣ በደሳን ሌላ ከተማ፣ መቻራ፣ አደረግኋት። ረቂቁ ሲያልቅ ወስጄ ሙሉውን አነበብኩላት። ሜትሩ ጋ ስደርስ አለቀሰች። ላውጣው ወይ ብላት «ተወው፣ ይኑር። ስሜ ከሌለ ማን ያውቃል?» አለች።

በዲፌንሱ ቀን፣ የመመረቂያ ድርሰቴን በፈታኞች ፊት ሳቀርብ፣ አንደኛው ፈታኝ ያንኑ ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው። ኤ ሰጡኝ። በደስታ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

ከመጠረዙ በፊት የቀረኝ የምስጋናው ገጽ ብቻ ነበር። መቼም የኛን መምህራን የሚያውቅ ያውቃል። አንዱ ተመርቆ ሲመጣ ጥራዙ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከእጅ እጅ ይዞራል። ታሪኩን የሚያነብ የለም፤ ሁሉም ምስጋናውን ገልጦ ስሙን ይፈልጋል። ስሙ የቀረበት ሰው ዓመት ያኮርፋል። ስለዚህ ማንንም ላለመርሳት የስም ዝርዝር ይዤ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ፣ ባለቤቴ፣ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሕይወት ታሪኳን ሳትሰስት ላጫወተችኝ ለበደሳዋ ልብስ ሰፊ፣ ለወይዘሮ ዘይነባ»።

ውለታ አልረሳም ማለቴ ነው እንግዲህ! በታሪኩ የደበቅኳትን ሴት በምስጋናው አደባባይ አወጣኋት። ሦስት ጊዜ አንብቤ አርሜዋለሁ፤ የምፈልገው የፊደል ግድፈት ነበር።

ፈቲያ ያኔ እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። ጥራዙ ሲደርሳት እንደ ሁሉም ሰው ምስጋናውን ገለጠች። የራሷን ስም አገኘች። ዝቅ ብላ ስታይ «እንዴ! እህቴም አለችበት!» ብላ ጮኸች።

ያኔ ነው የገባኝ።

«ልውሰደው መምህር? ቅዳሜ በደሳ ስሄድ አነብላታለሁ» አለችኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ያለኝ አንድ ቅጂ ነው፣ ቢሮ ይፈለጋል፣ የፈለግሁትን ማለት እችል ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ከእጇ መቀበል አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፦ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል፣ ከምስጋናው አልፎ ታሪኬን የሚያነብልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝም ነበር። በዚህ ራሴን እስከ ዛሬ እጠየፋለሁ። «ውሰጂው» አልኳት።

ሰኞ ጥራዙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል።

«ስንት ሰጡዎት?» አለችኝ።

«ኤ።»

«ይገባዎታል» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

በማግስቱ በሚኒባስ በደሳ ሄድኩ። ዘይነባ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ስሜን ቀይር አላልኩህም?»

«ቀይሬ ነበር እኮ ዘይነባ...»

«አቦ ተወኝ! እኔ ለመጽሐፍህ ብዬ ነው እንዴ የነገርኩህ? ከብዶኝ ነው!» መቀሱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «እኔው ልነግራት ነበር። ስታገባ ልነግራት ነበር፣ በራሴ አፍ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች። ቁጭ በል አላለችኝም።

ከዒድ ማግስት ፈቲያ ሱቅ የተገዛ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የምትለብሰው በልኳ የተሰፋ ነበር። ይሄኛው ትከሻው ሰፍቷታል፣ እጅጌው ጣቷን ይሸፍነዋል። ሰሌዳ ላይ በጻፈች ቁጥር ትሰበስበዋለች። እኔ በመስኮት አይቼ አለፍኩ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። መጻፍ የሚፈልጉ ወጣት መምህራን ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው አጭር ነው። የሰው ታሪክ ከጻፋችሁ፣ ከመጠረዙ በፊት ለባለታሪኩ አንብቡለት፤ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው። እኔ ለዘይነባ ያላነበብኩላት አንድ ገጽ ብቻ ነው።