ሮስኮ ስለ ተቀባዩ የተናገረው

ሮስኮ ቲለሪ ለቤሴመር ጭልፊቶች የቤዝቦል ቡድን አሥራ አራት ዓመት ኳስ ወርውሯል። ዘጠኙን ዓመት የወረወረውን የተቀበለለት ኤዝራ ባስኮም ነበር። በአላባማ የጥቁሮች ቤዝቦል ሁለቱን ለያይቶ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ኤዝራ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል፤ ሮስኮ የታዘዘውን ይወረውራል። ኳስ ደጋግሞ የሰበራቸው የኤዝራ ጣቶች እንደ ዝንጅብል ተጣመው ነበር። ሆቴሎቹ ጥቁር አናሳድርም ሲሏቸው አውቶቡስ ውስጥ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ፤ በጓሮ በር የተሰጣቸውን የአሳ ጥብስ ከአንድ ወረቀት ይበላሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ የነጮቹ ሊግ ለጥቁር ተጫዋቾች በሩን ገርበብ አደረገ፤ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎችም በየሜዳው ብቅ ማለት ጀመሩ። ሮስኮ ሠላሳ ስምንት ሞልቶት ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ ግን ሠላሳ አንድ ነኝ ይላል። አንድ ቅዳሜ ባለ ገለባ ባርኔጣ መልማይ መጥቶ ጨዋታውን ሙሉ ሲጽፍ ዋለ። ሮስኮ ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ወረወረ፤ አሥራ አንድ መቺዎች ኳሱን ሳይነኩ ተመለሱ። ሲያበቃ ሰውዬው በቀጥታ ወደ እሱ መጣ።

ሰውዬው የፈለገው ግን ስለ ኤዝራ መጠየቅ ነበር።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ይሉኛል። ከሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ጠባዩ እንዴት ነው? ጉልበቱስ?"

ሮስኮ ስለ ራሱ አንዲት ቃል እስኪጠየቅ ጠበቀ። አልተጠየቀም።

"ጉልበቱ አልቋል" አለ። "ደግሞ መጠጥ ያበዛል።"

ኤዝራ ቢራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። መልማዩ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ፣ አመስግኖ ሄደ።

በአውቶቡሱ ኤዝራ እንደ ልማዱ የሮስኮን ክንድ በቅባት ሲያሸው፣ ሰውዬው ምን እንዳለው ጠየቀው። ሮስኮ ስለ ሙቀቱ ነው ያወራነው ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ወዲያ ምልክት ለማየት እነዚያን ጣቶች ባየ ቁጥር ዓይኑ ይሸሽ ነበር። አወራወሩም ተበላሸ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመልካቹ የነጮቹን ሊግ ሊያይ ሄደና ቡድኑ ፈረሰ። ኤዝራ ብረት ማቅለጫ ገባ፤ ሮስኮ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆነ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተዋል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ምእመኑ ጓሮ ውስጥ ሲመገብ ሮስኮ ኤዝራን ከዛፍ ሥር ለብቻው አገኘውና ሁሉንም ነገረው።

ኤዝራ ሳህኑን አስቀመጠ።

"ጉልበቴ እኮ አሁንም ደህና ነው" አለ። ቀጥሎም "ለቬልማ ነግረሃታል?" ሲል ጠየቀ። ቬልማ የኤዝራ ሚስት ናት።

"አልነገርኳትም።"

"አትንገራት። አንተን እንደ ወንድሟ ነው የምታይህ።"

ሮስኮ ስድብ ወይም ጡጫ ጠብቆ ነበር። ሁለቱም አልመጡም። ስናዘዝ ይቀልለኛል ብሎ ነበር፤ አሁን ግን የራሱን ሸክም በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳወረደ ተሰማው፤ በዚህም ደግሞ አፈረ።

በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ ተገናኙ። ኤዝራ ባርኔጣውን ከፍ አደረገ።

"እንደምን አደሩ፣ አቶ ቲለሪ" አለና አልፎት ገባ።