ቀጭኑ ዘይትና የጋሼ ጥፊ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መብረቅ» ይላታል። ባሏ ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላታል፤ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪናና ኩላሊታቸው የደከመ እናቱን። አማቷ በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ሄደው ደማቸው ካልታጠበ አበቃላቸው። የምታደርሳቸው ደግሞ ያችው መኪና ናት። መኪናዋ ቀረች ማለት አሮጊቷ ቀሩ ማለት ነው።

መሪውን የምትይዘው እሷ ትሁን እንጂ የሞተር ዘይት የመምረጥ ሥልጣን፣ በዚያ ቤት ደንብ፣ የታላቅ ወንድ ነው። ታላቁ ደግሞ የባሏ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ጋሼ ነው። ጋሼ ለጭነት መኪናው ከገዛው በርሜል እየቀዳ እንደ ማር የሚለጠጥ ዘይት ያመጣል። «ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠግባል» ባይ ነው። ቢያጠግብማ ምን ከፋ! ብርዱ ከገባ ወዲህ ሞተሩ እንደታነቀ ሰው ያጓራል፣ ብረቱ ይንኳኳል፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ቶሎ አልጠፋ ትላለች። ከትናንት በስቲያ ጭራሹን አልነሳ ብሎ፣ አሮጊቷ ውስጥ እንደተቀመጡ መኪናዋን ጎረቤት ገፋት።

በቃት! የዘይቱ መሙያ ክዳን ላይ የተቀረጸውን የውፍረት ቁጥር ይዛ ሄዳ ቀጭኑን ገዛች፤ ግቢዋ ውስጥ ራሷ ቀየረችው። አማቷ ለሆስፒታል ሲለባብሱ፣ እሷም እጇን ስትጠራርግ፣ ጋሼ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ገባ።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሞላሁት።»

የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጣቱ አሻሸው። «ይሄ እኮ ውሃ ነው! ወንድሜን ቀብረሽ ሞተሩንም ልትቀብሪ?»

«ሊቀብረን የነበረው የእርስዎ ሬንጅ ነው። ይቺ የቤት መኪና ናት፤ ድንጋይ አትጭንም።»

ጥፊው ሳታስበው ወረደ። ጆሮዋ ጭው አለ፤ ከንፈሯ ተተርትሮ አፏ ደም ደም አለ። እሱ ዞሮም አላያት፤ የብሎን ቁልፍ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የማፍሰሻውን ብሎን ሊፈታ ነው! ብሎኑ ከተፈታ አዲሱ ዘይት መሬት ላይ፣ አማቷም እቤት መቅረታቸው ነው።

ይሄኔ መብረቅ ወረደች። ሁለት እግሩን ይዛ ስትጎትተው ጀርባው በኮረቱ ተላጠ። በጫማው ጎኗን ሲረግጣት ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ባቱን ነከሰችው፤ እንደ በሬ አገሳ። ተነስቶ ፀጉሯን ጨምድዶ ከኮፈኑ ጋር ሲያላትማት እጇ የክሪኩን ብረት አገኘ። አንዴ ሰነዘረች። የእጁ አንጓ «ቀጭ!» አለ።

«እጄን! ሰበረችኝ!»

«ብሎኑን ብትነካ ሌላውም አለልህ!» አንቱታው እዚያው አፈር በላ።

አማቷ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሊገላግሉ መስሏችሁ እንዳይሆን! ልጃቸውን ጀርባው ላይ፣ ምራታቸውን ትከሻዋ ላይ እኩል አቀመሷቸው። «እናንተ ስትጋደሉ እኔ በየት በኩል ልሙት? ግቡ መኪናው ውስጥ!»

ገቡ። ቁልፉን ገና ስታዞረው ሞተሩ ተነሳ፤ ቀይዋ መብራትም ወዲያው ድርግም ብላ ጠፋች።

«ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» አለ ጋሼ፣ የተሰበረ እጁን በፎጣ ታቅፎ።

«እየሠራ ነው። ዝም ብለህ ስማ።»

ሰማ። ያ ሁሉ ማጓራት የለም። ላቡን በደህናው እጁ ጠረገ። «እጄ ይዳን ብቻ፣ አሳይሻለሁ።»

«እስኪድን ማን ሊነዳልህ?»

ከኋላ ወንበር ከዘራው ወለሉን ደበደበ። «ከእንግዲህ ዘይት የምትመርጠው እሷ ናት። ሰምተሃል አንተ?»

ጋሼ ሊከራከር አፉን ከፈተ። መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትወጣ እጁ አንገበገበውና «እሺ እማዬ!» ብሎ ጮኸ።

ጉድጓዱን መብረቅ ከሩቅ አይታው ነበር።